ከሻንጣው በኋላ፦ የለጋሾች ገንዘብ የቢዝነስ ተማሪን እንዴት እስከ ምረቃ ያደርሳል?

ጅማ ላይ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ወጪው የእናትና የአባት ብቻ አይሆንም። አጎት ሻንጣ ይገዛል፤ አክስት ብርድ ልብስና አንሶላ ትጨምራለች፤ ቡና ተጠርቶ የመጣ ጎረቤት መርቆ ሲነሣ ሁለት መቶም አምስት መቶም ብር በልጁ መዳፍ አስጨብጦ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዓመት በዚህ ይገፋል። በሁለተኛው ዓመት የሚደውለው ዘመድ ይቀንሳል። ሦስተኛው ሲደርስ የልጁ ተማሪነት ለሁሉም የተለመደ ነገር ይሆናል፤ የሻንጣው ዚፕ ተበጥሷል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ጠያቂ ግን የለም።

በገንዘብ እጦት ትምህርታቸውን ስላቋረጡ ልጆች በሰማሁ ቁጥር የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ብዙዎቹ የቆሙት መድረሻው ከታያቸው በኋላ ነው። በለጋሾች ገንዘብ ስለሚሰጥ ነጻ የትምህርት ዕድል ለማብራራት የተነሣሁትም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ነገሩን «ጎበዝ ልጅ ተሸለመ» ብሎ ያልፈዋል። አሠራሩን ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ የጀመረ ሰው እንዴት ይጨርስ?

ለማስረዳት እንዲመቸን አንዲት ተማሪ በሐሳባችን እንፍጠርና ዘሃራ እንበላት። ከሰቃ ጨቆርሳ መጥታ ጅማ ከተማ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግና ፋይናንስ ትማራለች። አባቷ ቡና አለው፤ ብዙ ግን አይደለም። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እየመላለስን ወደ እሷ እንመጣለን።

«ስኮላርሺፕ» ማለት ውጭ አገር መሄድ አይደለም እንዴ?

ቃሉ በከተማችን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከቻይና፣ ከቱርክ ወይም ከህንድ ስም ጋር ስለሆነ እንዲህ ቢታሰብ አይፈረድም። ነጻ የትምህርት ዕድል ማለት ግን ተማሪው መልሶ የማይከፍለው፣ ለትምህርቱ እንዲውል የሚሰጥ ገንዘብ ነው። ሰቃ ተወልዶ ጅማ ለሚማር ልጅም ይሰጣል።

ሰጪው መንግሥት ሊሆን ይችላል። ኮሌጁ ራሱም ከክፍያው ላይ ሊቀንስ ይችላል። ለጋሽ የሚባለው ግን ከተማሪውም ከኮሌጁም ውጭ ያለ ሦስተኛ ወገን ነው፤ ከኪሱ አውጥቶ ይሰጣል፣ መልሶ አይጠይቅም። የሟች አባቱን ስም ማስጠራት የፈለገ ነጋዴ፣ ውጭ አገር የሚኖሩ የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች፣ አንድ ባንክ፣ ወይም ትልቅ ዓለም አቀፍ ተቋም ሊሆን ይችላል። ከትልልቆቹ አንዱ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የስኮላርስ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረ ሲሆን በአገራችን ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሠርቷል።

ከዚህ ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ብድር ነው፤ እሱ ይመለሳል። ሁለተኛው ወጪ መጋራት ነው፤ ይኸኛው ራሱን የቻለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ዩኒቨርሲቲ የገባውን መንግሥት ያስተምረው የለም ወይ?

ያስተምረዋል፤ ሒሳቡን ግን ይመዘግብበታል። የወጪ መጋራት አሠራር በአገራችን የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር አድርገው ያስቡት። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ያደረበት ዶርምና የበላው ምግብ ሙሉ ዋጋ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ የተወሰነ ድርሻ በስሙ ይጻፋል። ይህ ድርሻ አሠራሩ ሲጀመር 15 በመቶ ነበር። ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፈላል። ደብተሩ ሳይዘጋ ዋናውን የዲግሪ ወረቀት ለማውጣት የሞከረ ሰው ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቀዋል።

የዱቤው ጥቅም ግልጽ ነው፤ በምዝገባ ቀን ጥሬ ገንዘብ አይጠየቅም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በመንግሥት ተመድቦ ቢዝነስ የሚማር የመደበኛ ተማሪ የሚቸገረው ደብተሩ በማያውቃቸው ወጪዎች ነው፤ ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ ወደ ቤት መመላለሻ፣ ከሁሉም በላይ ላፕቶፕ።

ዘሃራ ግን ዱቤ እንኳን የላትም። በግል ኮሌጅ የምትማረው እሷም ሆነች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በማታ ወይም በሳምንት መጨረሻ የሚማር ሠራተኛ የሚከፍሉት በእጅ ያለ ብር ነው። ክፍያው ካልገባ ፈተና መቀመጥ፣ ለሚቀጥለው መንፈቅ መመዝገብ ይቀራል። ስለዚህ ያው የለጋሽ ገንዘብ ለሁለቱ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። ለዩኒቨርሲቲው ልጅ የኪሱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ለዘሃራ በሩን ራሱን ከፍቶ ይይዛል።

ወደፊት ጥያቄው የሚሰፋ ይመስለኛል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ መንገድ ከፍቷል፤ የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ወጪያቸውን ራሳቸው የሚሸፍኑ ተማሪዎችንም መቀበል ጀምሯል። በዱቤው ደብተር የማይሸፈን ተማሪ በበዛ ቁጥር «ታዲያ ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል።

ቢዝነስ ምን ወጪ አለው? ደብተርና እስክሪብቶ አይበቃም?

ይህን ጥያቄ ከወላጆችም ከለጋሾችም አፍ ሰምቼዋለሁ። የሕክምና ተማሪ ጋውን አለው፣ የምሕንድስና ተማሪ ቤተ ሙከራ አለው፤ የማኔጅመንት ተማሪ ምን አለው? ወጪው ስለማይታይ የሌለ ይመስላል።

አካውንቲንግ የሚማር ልጅ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊለምደው አይችልም። እጁ ቁልፉን መንካት፣ ተሳስቶ ማጥፋት፣ ደግሞ መሥራት አለበት። ኮምፒውተር ክፍሉ ወረፋ አለው፤ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ማታ ቤቱ ይለማመዳል፣ የሌለው ደግሞ የጓደኛውን ፊት ያያል። ከዚያ የተግባር ልምምድ ይመጣል። ባንክ፣ የገቢዎች ቢሮ ወይም የገበሬዎች ዩኒየን ሄዶ ለሳምንታት ያለ ደመወዝ መሥራት ነው። የታክሲው፣ የምሳው፣ በዚያ ላይ ለባንክ መስኮት የሚመጥን ጫማና ሸሚዝ ሁሉ ከተማሪው ይወጣል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ስለተመለሰ ሦስት ዓመት የነበረው የቢዝነስ ዲግሪ አራት ዓመት ሆኗል። በክፍል ተከራይታ ለምትኖር ልጅ ይህ የአሥራ ሁለት ወር ተጨማሪ ኪራይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የማይከፈል ወጪ ነው። በጅማ ዙሪያ የቡና ሰሞን ሲደርስ መዝገብ መያዝ የሚችል ሰው ይፈለጋል። በየማጠቢያ ጣቢያው የመጣውን እሸት ቡና መዝኖ የሚመዘግብ፣ ለገበሬው የሚከፈለውን የሚያሰላ፣ ለነጋዴው ሒሳቡን የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል። የሁለት ዓመት አካውንቲንግ የተማረች ልጅ ይህን ትችላለች። ዘሃራ ጥቅምት ላይ ሥራው ቢቀርብላት፣ ክፍል ስትቀመጥ የሚያልፋት ደመወዝ እንደ ወጪ ይቆጠራል። የኢኮኖሚክስ መምህራን የዚህን ዓይነት ያለፈ ጥቅም ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ ይወስዳሉ፤ የቸገረው ቤተሰብ ልጅ ግን ሳያስረዱት ያውቀዋል። ትምህርቱ ራሱ ለሥራ ስለሚያበቃ የቢዝነስ ተማሪን ሥራ ከመንገድ ይጠልፈዋል። «አንድ ሰሞን ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ የወጣ ልጅ ደግሞ ደመወዙ ቤቱን መደገፍ ከጀመረ በኋላ መመለሱ ይከብደዋል።

የለጋሽ ገንዘብ እዚህ ላይ የሚሠራው ነገር ቀላል ነው። ልጅቷ ያንን ሥራ «ቅዳሜና እሑድ ብቻ» ብላ እንድትቀበል አቅም ይሰጣታል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይቀመጣል?

ሁለት መንገድ አለ፤ ልዩነታቸውን ቡና አብቃይ አገር ያደገ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። አንዱ ለጋሽ በየዓመቱ አንድ ጆንያ ቡና ገዝቶ ይሰጣል። ሌላው የቡና ችግኝ ተክሎ ይሰጣል።

ጆንያው ዓመታዊ ስጦታ ነው። ለጋሹ ዘንድሮ የአምስት ልጆችን ክፍያ ይሸፍናል፤ ገንዘቡ በዚያው ዓመት ያልቃል። ቶሎ ይደርሳል፣ አሠራሩም ቀላል ነው። አደጋው የለጋሹ ንግድ የተቀዛቀዘ ዕለት ወይም ለጋሹ የሞተ ዕለት ጆንያው መቅረቱ ነው። ልጆቹ ግን ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ናቸው።

ችግኙ ቋሚ ፈንድ ይባላል። ለጋሹ አንድ ትልቅ ገንዘብ ያስቀምጣል፤ ያ ገንዘብ አይነካም። ወደ ሥራ ይገባና የሚያስገኘው ትርፍ ብቻ በየዓመቱ ለተማሪ ይሰጣል። ፍሬውን ይለቅማሉ እንጂ ዛፉን ለማገዶ አይቆርጡም። ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት እንደሚያስጠብቅ ሁሉ ይህም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከያዘ ግን የተከለው ሰው ካለፈ በኋላም ይለቀማል። አሜሪካ ውስጥ በቢዝነስ ኮሌጆች በለጋሽ ስም የሚጠሩት ነጻ የትምህርት ዕድሎች ብዙዎቹ እንዲህ የቆሙ ናቸው። እዚያ የተለመደው በየዓመቱ ከፈንዱ ከ4 እስከ 5 በመቶ ብቻ ማውጣት ነው። አንድ ለጋሽ 25,000 ዶላር ቢያስቀምጥና 4 በመቶ ቢወጣ በዓመት 1,000 ዶላር ይሆናል። አንድን ተማሪ ሙሉ በሙሉ ባያስተምርም ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ ይበቃል፤ በየዓመቱም ይደገማል።

ይህንን አሠራር እንዳለ ወስደን ጅማ ላይ ብንተክለው ይበቅላል? እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ 7 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በባንክ ደብተር የተቀመጠ አንድ ሚሊዮን ብር በዓመት 70,000 ብር ወለድ ይወልዳል፤ ዋጋው 30 በመቶ በጨመረበት ዓመት ግን ገንዘቡ የመግዛት አቅሙን ሩብ ያህል ያጣል። ወለዱን ለተማሪ ሰጥተን ዋናው አልተነካም ስንል ዋናው ከሥሩ እየተሸረሸረ ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ለዚህ ነው።

መውጫው ምንድን ነው? መልሱ ከጅማ ሰው የራቀ አይደለም። ወቅፍን ያስታውሱ። አንድ ሙስሊም ባለሀብት ሱቅ ወይም ቤት ለበጎ ሥራ ያቆማል፤ ንብረቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ኪራዩ ግን ለመስጊድ፣ ለድሃ ወይም ለደረሳ ይውላል። ቤተ ክርስቲያንም ከግቢዋ ዙሪያ ያሉ ሱቆችን አከራይታ አገልግሎቷን ስትደግፍ አይተናል። ኪራይ ከገበያው ጋር አብሮ ስለሚጨምር የዋጋ ንረቱ እንደ ባንክ ደብተሩ አይበላውም። ቋሚ ፈንድ የሚለው ስም አዲስ ቢመስልም ሐሳቡን አያቶቻችን ያውቁት ነበር። አክሲዮን ሌላው አማራጭ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ስለጀመረ ቀስ በቀስ ይህም በር ሊሰፋ ይችላል።

ውጭ አገር ላለ ለጋሽ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 አልፏል። በዶላር ቃል የተገባለት ተማሪ በብር የሚደርሰው ጨመረ። ቃል የተገባለት በብር የሆነው ተማሪ ግን ዕቃው ሁሉ ሲወደድ ያው ብር ብቻ በእጁ ቀረ። ስለዚህ ለጋሽና ኮሌጅ ሲዋዋሉ «ስንት ብር?» ከሚለው ይልቅ «ምን ይሸፈናል?» ብሎ መጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ። «የመንፈቁ ክፍያና የኪራዩ እኩሌታ» የሚል ውል ዋጋ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

ማን ይመረጣል?

በሁለት ሚዛን ይለካል፤ በውጤትና በችግር። አንዳንዱ ዕድል ለከፍተኛ ውጤት ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ለተቸገረ፤ ብዙው ሁለቱን ይቀላቅላል።

በውጤት መምረጥ ቀላልና ለክርክር የማይመች ስለሆነ ይወደዳል። ግን ገንዘቡ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ ኔብራስካ ግዛት ውስጥ በአንድ የቡፌት ቤተሰብ ፋውንዴሽን የሚሰጥ ትልቅ ዕድል በዕጣ ተከፋፍሎ ተመራማሪዎች ተከታትለውት ነበር። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ካሰቡት መካከል ድጋፉን ያገኙት በስድስት ዓመት ውስጥ የመመረቃቸው መጠን ካላገኙት በ8 የመቶኛ ነጥብ ገደማ በልጧል። የበለጠ የተጠቀሙት ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ውጤታቸው ዝቅ ያለው ነበሩ። ምክንያቱን ማሰብ አይከብድም፤ አንደኛ የወጣው ልጅ በዚህም በዚያም ብሎ ይመረቅ ነበር። ገንዘቡ መንገድ የለወጠው መሐል ላይ ላሉት ነው።

ችግርን መለካት ግን ከባድ ነው። የደመወዝ ሠራተኛ ልጅ የወላጁን ደመወዝ በወረቀት ያሳያል። የዘሃራ አባት ምን ያሳያል? ያለው መሬት ቡናው በያዘበትና ዋጋው በጨመረበት ዓመት ደህና ያስመስለዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ባዶ ያስቀረዋል። የቀበሌ ማስረጃ ሁሉንም «ገቢው ዝቅተኛ» ይላል። ስለዚህ ጥሩ መራጭ ከወረቀቱ ጋር ሰው ይጠይቃል፤ መምህሯን፣ አከራይዋን፣ አብራት የምትኖረውን። ልጅቷ ራሷም ስለ ኑሮዋ በጽሑፍ እንድትገልጽ ይደረጋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የተመረጡ ልጆችን መድረክ ላይ አቁሞ «እነዚህ ድሆች ናቸው» በሚያሰኝ አኳኋን ከለጋሽ ጋር ፎቶ ማስነሣት ልጆቹን ይጎዳል። የሚያፍር ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ቢቸገርም አያመለክትም። ገንዘቡ በባንክ ሒሳቡ ዝም ብሎ ቢገባ ለጋሹ ምንም አይጎድልበትም።

እውነት ያስመርቃል ወይስ ያስደስታል ብቻ?

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ድጋፍ ያገኙ ልጆች ቢመረቁ ያስመረቃቸው ብርታታቸው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንድ ቦታ ዕድሉ በዕጣ የሚሰጠው፤ እኩል የተቸገሩ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ያገኘ፣ ሌላው ያላገኘ፣ ይነጻጸራሉ።

አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ ባለሀብት ቤተሰብ ባቋቋመው ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለተቸገሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዕጣ በዓመት 3,500 ዶላር ሲሰጥ ነበር። ካላገኙት 16 በመቶ ያህሉ በአራት ዓመት ሲመረቁ፣ ካገኙት 21 በመቶ ተመርቀዋል። ተመራማሪዎቹ ያዩት ሌላ ነገር ለእኔ ከቁጥሩ ይበልጣል። ድጋፉን ያገኙት ተማሪዎች የሌሊት ፈረቃ ሥራ ቀንሰው ነበር። ገንዘቡ ለልጆቹ እንቅልፍ ገዛላቸው ማለት ነው። ጅማ ላይ ሆቴል ውስጥ ማታ ሠርቶ ጠዋት ክፍል የሚያንቀላፋ ተማሪ ያየ መምህር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ኒው ዮርክ ነው። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሪዎች አንድ ፕሮግራም ጀመረ። የክፍያውን ጉድለት ይሸፍናል፣ የአውቶቡስና የባቡር ካርድ ይሰጣል፣ መጽሐፍ ያቀርባል፤ በዚያ ላይ ተማሪው በየጊዜው እየሄደ የሚያነጋግረው አማካሪ ይመድባል። በሦስት ዓመት ውስጥ የጨረሱት በፕሮግራሙ ከነበሩት 40 በመቶ ሲሆኑ ከሌሎቹ 22 በመቶ ነበሩ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ አስቡት። አንዱ እግር ክፍያው ነው፤ ሁለተኛው ኑሮው፤ ሦስተኛው «ለምን ቀረሽ?» ብሎ የሚደውል ሰው። ሦስተኛው እግር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ትንሽ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳያል። አሜሪካ ባለው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጥቂት መቶ ዶላር ዕዳ ከምዝገባ የሚሰረዙ፣ ለመመረቅ የተቃረቡ ተማሪዎች እንደበዙ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኒቨርሲቲው ከለጋሾች ባገኘው ገንዘብ ራሱ መዝገቡን እያየ፣ ተማሪው ሳያመለክት፣ ጉድለቱን መሙላት ጀመረ። ተማሪዎቹም ከምዝገባው ሳይሰረዙ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ይህን ለመጀመር ትልቅ ፋውንዴሽን መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ የጅማ ነጋዴ፣ አንድ ኮሌጅ፣ አንድ የሬጅስትራር ሠራተኛ ይበቁታል።

ገንዘቡ የሚደርስበት ወር ለምን ይጠየቃል?

የኮሌጅ ካሌንደርና የቡና ካሌንደር ስለማይገጣጠሙ። ምዝገባው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የዘሃራ አባት ክረምቱን ጨርሶ ነው የወጣው፤ ጎተራው ባዶ ነው፣ ቡናው ገና ዛፉ ላይ ነው። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። በጀንፈል አድርቆ ለሚሸጥ ገበሬ ደህናው ገንዘብ የሚገባው ከዚያም በኋላ ነው። ልጁን ለማስመዝገብ የቸኮለ አባት ቡናውን በዛፉ ላይ ሳለ ለነጋዴ በርካሽ ቀድሞ ይሸጠዋል። እንዲህ ሲሆን የትምህርቱ ዋጋ ከኮሌጁ ክፍያ በላይ ነው፤ በርካሽ የሄደው ቡና ልዩነትም ይጨመርበታል።

መስከረም ላይ የሚደርስ ድጋፍ ስለዚህ ሁለት ቦታ ይሠራል። ልጅቷ በጊዜ ትመዘገባለች፤ አባቷም ቡናውን እስኪደርስ ይታገሣል። ያው ገንዘብ ታኅሣሥ ላይ ቢመጣ ግን ቡናው ተሸጧል፣ ልጅቷም ምናልባት አንድ መንፈቅ አምልጧታል። የለጋሽ ኮሚቴዎች ስብሰባቸው ዘግይቶ፣ ፊርማ ጠፍቶ፣ ዝውውር ተጓትቶ ገንዘቡ በመንፈቁ አጋማሽ ሲደርስ «ያው ደረሰ» ይባላል። ያው አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ልጅቷ ድጋፍ ማግኘቷ ሲሰማ ቤተሰብ የሚልክላትን ያቆማል፤ አንዳንዴም «አንቺማ አግኝተሻል» ተብሎ ለታናሽ ወንድሟ ጫማ ትጠየቃለች። ይህ ከክፋት አይመጣም፤ ቤት ውስጥ ሌላም ጉድለት ስላለ ነው። ግን ድጋፉ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ክፍያውን ለኮሌጁ በቀጥታ፣ የኑሮውን ደግሞ በየወሩ ለተማሪዋ መላክ ይህን ይቀንሰዋል።

ተቀባዩ ግዴታ አለበት?

ብዙውን ጊዜ አለበት፤ ውጤቱን ከተወሰነ ነጥብ በታች አለመጣል፣ በየመንፈቁ መመዝገብ፣ አንዳንዴ ለለጋሹ የምስጋና ደብዳቤ መጻፍ። ነጥቡ በጣም ከፍ ካለ ግን አንድ ከባድ ኮርስ የጣለውን ልጅ ገንዘቡ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ይነጥቀዋል። የአንድ መንፈቅ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ውል የተሻለ ነው።

የማይኖርበት ግዴታ ደግሞ አንድ ነው፤ ዕድሉን ለማግኘት ገንዘብ መክፈል። «የመመዝገቢያ» ወይም «የማስፈጸሚያ» ተብሎ በስልክ ብር ላኩ የሚል ካለ ለጋሽ አይደለም። ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው ደጋግመው ይንገሩልኝ።

ድጋፉ መቼ ያበቃል?

ብዙ ውል «እስከ መጨረሻው መንፈቅ» ይላል። ድሮ ይህ ይበቃ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለውም፣ እንደገና መፈተን አለበት።

ዘሃራ አራተኛ ዓመቷን ጨርሳለች እንበል። ትምህርቱ አልቋል፤ የድጋፉ ደብዳቤም አልቋል። ፈተናው ግን ከፊቷ ነው። ጓደኞቿ ተሰብስበው የሚያጠኑት ጅማ ነው፤ ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም እዚያው ነው። የአንድ ሁለት ወር ኪራይና ምግብ ካጣች ሰቃ ተመልሳ በስልኳ የተላኩላትን ጥያቄዎች እያየች፣ ቤቱን እያገዘች ትዘጋጃለች። በመጀመሪያው ሙከራ ካላለፈች ለሁለተኛው የሚያመላልሳት የለም። አራት ዓመት ሙሉ የተከፈለላት ልጅ በሁለት ወር ኪራይ ትያዛለች።

ውል የሚጽፍ ለጋሽ ይህን ካነበበ «እስከ መጨረሻው መንፈቅ» የሚለውን ሰርዞ «የመውጫ ፈተናው ውጤት እስኪታወቅ» ብሎ ይጻፍላት።